ቤት ቀድሞ፣ አውቶቡስ ተከትሎ፦ የአዲስ አበባ የመሬትና የትራንስፖርት ዕቅድ ሲዳሰስ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኞቹን የሚያሳፍረው ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጠርዝ፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። የከተማዋ ቀላል ባቡር ደግሞ በአንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ በሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ እንዲመላለስ ሆኖ ተሠርቷል። ሁለቱ የተመረቁት በአንድ ዓመት ገደማ ልዩነት ነው። ያሠራቸው አንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ነው፤ ብድሩም በአብዛኛው የመጣው ከአንድ የቻይና ባንክ ነው። ይሁንና ሁለቱ ባቡሮች የትም አይገናኙም። ሻንጣ የያዘ መንገደኛ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ታክሲ መፈለግ አለበት።

እንዲህ ያለው ክፍተት በአንድ መሐንዲስ ስሕተት አይፈጠርም። አንድ ከተማ ሁለት ጥያቄዎችን በየዕለቱ ይመልሳል፦ ምን የት ይሠራ? ሰውስ በምን ይድረስበት? የመጀመሪያውን የሚመልሰው የመሬት አስተዳደሩ፣ ሁለተኛውን የሚመልሰው የትራንስፖርት ቢሮው ነው። በሁለቱ መካከል ቅንጅት ያስፈልጋል በሚለው የሚከራከር ባለሙያ የለም። ክርክሩ ምን ይቀናጅ፣ ማን ይቅደም፣ ወጪውን ማን ይሸከም የሚለው ላይ ነው። ጥያቄዎቹ ከአዲስ አበባ በፊት ብዙ ከተሞችን ያነጋገሩ ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ ሲደርሱ ግን የራሳቸውን መልክ ይዘዋል።

ሐሳቡ ከየት ተነሣ

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የመንገድ መሐንዲስ ሥራ መኪና ቆጥሮ መንገድ ማስፋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ሮበርት ሚቸልና ቼስተር ራፕኪን የተባሉ አሜሪካውያን አጥኚዎች ነገሩን ከሥሩ አነሡት። ሰው የሚጓዘው ለጉዞው ሲል አይደለም፤ ቤቱ አንድ ቦታ፣ ሥራው ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው አሉ። ስለዚህ የትራፊክ መጠን የሚወሰነው መንገዱ ከመሠራቱ በፊት፣ መሬቱ ለምን እንደሚውል ሲወሰን ነው።

በተግባር ግን ቀድመው የሄዱት የስካንዲኔቪያ ከተሞች ነበሩ። ኮፐንሀገን እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው ዕቅድ ከተማው እንደ እጅ ጣቶች በባቡር ሐዲዶች ዳርና ዳር ብቻ እንዲያድግ፣ በጣቶቹ መካከል ያለው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቀር አሰበ። የስቶክሆልም ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ ይበልጥ ቅርብ ነው። የከተማው አስተዳደር ከ1904 ጀምሮ በዙሪያው ያለውን መሬት እየገዛ ያስቀምጥ ስለነበር፣ በ1950ዎቹ አዳዲስ ሠፈሮችን ሲገነባ ባለቤቱም አቃጁም ራሱ ነበር። ቬሊንግቢ የተባለው ሠፈር ማዕከል በ1954 ሲመረቅ የምድር ውስጥ ባቡሩ ከሁለት ዓመት በፊት ደርሶ ይጠብቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሞዴሎች ዓለምን ዞረዋል። የብራዚሏ ኩሪቲባ በ1974 ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ከፍታ ረጃጅም ሕንፃዎች በዚያው መስመር ዳር እንዲሰበሰቡ በሕግ ወሰነች። የሆንግ ኮንግ የባቡር ድርጅት ደግሞ ከመንግሥት በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ የማልማት መብት እየወሰደ፣ ባቡሩ ሲደርስ ከሚጨምረው የመሬት ዋጋ የግንባታውን ወጪ መመለስ ቻለ። የመጀመሪያው ሞዴል የሕግ፣ ሁለተኛው የገንዘብ ቅንጅት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ስለ አዲስ አበባ በሚጻፉ ሰነዶች ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይቀርባሉ።

ማስረጃው የሚለውና የማይለው

የተጠጋጋ ከተማ መኪና ይቀንሳል የሚለው ክርክር ታዋቂ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1989 ፒተር ኒውማንና ጄፍሪ ኬንዎርዚ 32 የዓለም ከተሞችን አነጻጽረው፣ ሕዝብ በተጨናነቀባቸው ከተሞች የቤንዚን ፍጆታ ዝቅተኛ መሆኑን ሲያሳዩ ነው። በዚያው ዓመት ፒተር ጎርደንና ሃሪ ሪቻርድሰን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ተቃወሟቸው፦ ገቢና የነዳጅ ዋጋ ተዘንግቷል፤ ሥራም ራሱ ወደ ከተማ ዳር እየወጣ ስለሆነ ጉዞው ያጥራል አሉ። በ2010 ሪድ ዩዊንግና ሮበርት ሰርቬሮ በርካታ ጥናቶችን በአንድ ላይ ሲመረምሩ ደግሞ የሕዝብ ጥግግት ብቻውን በመኪና ጉዞ ላይ ያለው ተጽዕኖ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። የጎላው ለሥራና ለገበያ ቅርብ የመሆን ተጽዕኖ ነበር። አንድ ሕንፃ ዐሥር ፎቅ ስለሆነ ብቻ ነዋሪው መኪናውን አያቆምም ማለት ነው፤ ወሳኙ ሕንፃው የቆመበት ቦታ ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር ግን የሚለካው በመኪና ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ ከቀረውም አብዛኛው በታክሲና በአውቶቡስ ነው። ለዚህች ከተማ ትልቁ ጥያቄ የመኪና ብዛት አይደለም። አንድ ሠራተኛ በአቅሙ ከፍሎ፣ ሳይረፍድበት፣ ስንት የሥራ ቦታ መድረስ ይችላል የሚለው ነው። መንቀሳቀስና መድረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሰፊ መንገድ በፍጥነት የሚጓዝ ሰው የሚፈልገው ሁሉ ሩቅ ከሆነበት ብዙ ተንቀሳቅሶ ጥቂት ይደርሳል። የሚፈልገውን በእግሩ የሚያገኝ ደግሞ ሳይጓዝ ይደርሳል። በውጭ የተሠራውን ክርክር እንዳለ መገልበጥ ይህን መሠረታዊ ልዩነት ያደበዝዛል።

ሠፈሮቹ፣ ሐዲዱና ማስተር ፕላኖቹ

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ያደገችው በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ ሠፈሮች ዙሪያ ነው። በየሠፈሩ ጌታውና ሎሌው፣ ባለሙያውና ነጋዴው በአንድ ላይ ይኖሩ ስለነበር የሀብታምና የድሃ መኖሪያ የተደባለቀባት፣ በእግር የምትዳረስ ከተማ ሆነች። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሲደርስ ለገሀር አዲስ የስበት ማዕከል ሆነ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ያወጣው ዕቅድ ይህን ድብልቅ አፍርሶ ነጩንና ጥቁሩን በሠፈር ሊለይ የተነሣ ነበር። ከዕቅዱ በዋናነት የተረፈው ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ዛሬው መርካቶ ማዛወሩ ነው። ዛሬም የከተማዋን የታክሲና የአውቶቡስ ስምሪት ወደ ምዕራብ ከሚጎትቱት ነገሮች ዋናው ይኸው ውሳኔ ነው።

ከነጻነት በኋላ ዕቅድ አልጠፋም። በ1956 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ደ ማርየን፣ በ1978 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያና የጣሊያን ባለሙያዎች በጋራ ማስተር ፕላን ሠርተዋል። የመጨረሻው ሕጋዊ ተቀባይነት ያገኘው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ከተማዋን ከማስተር ፕላኖቹ ይበልጥ የቀረጻት ግን ለትራንስፖርት ተብሎ ያልወጣ አዋጅ ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። ቤቶቹ ሳይታደሱ አረጁ፤ አዲስ ግንባታም ቀዘቀዘ። በዚያው ልክ ደግሞ አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ከመርካቶ፣ ከፒያሳ፣ ከካሳንቺስ በእግሩ ሥራ እየሄደ ለዐሥርት ዓመታት መኖር ቻለ። ያረጀው የቀበሌ ቤት ንጽሕናውና ጣሪያው ሲወቀስ የኖረው በእውነት ነው። በውስጡ የነበረው የቦታ ጥቅም ግን በማንም የሂሳብ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ቤቶቹ ሲፈርሱ የካሳ ተመኑ ግድግዳና ጣሪያ ይቆጥራል እንጂ በነጻ ይደረግ የነበረውን የእግር ጉዞ አይቆጥርም።

ዕጣው የወጣበት ቦታ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የከተማው አስተዳደር በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን የጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር በአፍሪካ ከታዩት ሰፋፊ የመንግሥት የቤት ግንባታዎች አንዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች እንደ ጎተራና ልደታ ባሉ የመሀል ሠፈሮች ጭምር ነበሩ። መሀል ላይ ባዶ ቦታ ሲያልቅ፣ ነዋሪ ማስነሣትም ውድ ሲሆን ግንባታው ወደ ጠርዝ ወጣ፦ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ቦታዎቹ የተመረጡት መሬቱ በቀላሉ የሚገኝበት ስለሆኑ እንጂ የብዙሃን ትራንስፖርት መስመር ስለነበረባቸው አልነበረም። አውቶቡስ የደረሰው ሰው ከገባ በኋላ ነው፤ ቦታ ቦታ ላይ መንገዱም እንዲሁ። ከስቶክሆልም ጋር ሲነጻጸር ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። አዲስ አበባ ባለፉት ሃያ ዓመታት ካሳለፈቻቸው የትራንስፖርት ውሳኔዎች ትልቁ የቤት ግንባታው ቦታ መረጣ ነው ብሎ መደምደም ይቻላል፤ ያንን ውሳኔ ያሳለፈው ግን የትራንስፖርት ተቋም አልነበረም።

ርቀቱ ሰውን ምን ያህል ጎዳ? ምላሹ እንደሚጠበቀው ቀላል አይደለም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ሳይመን ፍራንክሊን የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ቤተሰቦች አነጻጽሮ በሥራና በገቢ ላይ ጉልህ ለውጥ አላገኘም። ባለዕጣው ቤቱን አከራይቶ ለሥራው በሚመቸው ቦታ መኖር ይችላል፤ ስለዚህ የርቀቱ ሸክም በከፊል ወደ ተከራዩ ይዞራል። በሌላ በኩል ይኸው ተመራማሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአዲስ አበባ ሙከራ፣ ከመሀል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የትራንስፖርት ድጎማ ሲሰጣቸው ይበልጥ ሥራ እንደፈለጉና ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው እንደጨመረ አሳይቷል። ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2021 ያሳተመው ጥናት ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ የድጎማው ውጤት መጥፋቱን፣ የገቢ ለውጥ ያመጣው ችሎታን ለአሠሪ የማሳየት ሥልጠና መሆኑን ይገልጻል።

እነዚህን ግኝቶች ይዞ ርቀት ችግር አይደለም ማለት ስሕተት ነው። ለጥቂት ሳምንታት የተሰጠ የታክሲ ሂሳብ አንድ ነገር፣ የከተማ ቅርጽ ሌላ ነገር ነው። ጥናቶቹ የሚያስተምሩት የትራንስፖርት ወጪ ከሥራ ገበያው እንቅፋቶች አንዱ እንጂ ብቸኛው አለመሆኑን ነው። ዕጣ ወጥቶለት ቤት ያገኘ ሰውና ያለ ምርጫው ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ጠርዝ ላይ የሠፈረ ሰውም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሀብት አግኝቷል። ሁለተኛው ጉልት፣ ደንበኛና ዕድር ያጣል፤ የፍራንክሊን ንጽጽር የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ነው።

ሐዲዱ መንገድ መሀል

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 39 ጣቢያዎችና 41 ባቡሮች ነበሩት። ከወጣው 475 ሚሊዮን ዶላር 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ሰውን ማመላለስ ሲጀምር የከተማው ሕዝብ በደስታ ተቀበለው። ቅሬታው ቆይቶ መጣ፦ የመለዋወጫ እጥረት ባቡሮቹን አንድ በአንድ አቆማቸው፤ የቲኬቱ ገቢም ጥገናውን ሊሸፍን አልቻለም።

የጥገናው ችግር በብዙ ተነግሯል። ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት ግን ያነሰ ትኩረት አግኝቷል። ሐዲዱ በአብዛኛው የተዘረጋው በነባር ሰፋፊ መንገዶች መሀል ነው፤ እዚያ የመንገድ ይዞታ ስላለ ማስነሣት ያንሳል። በዚያው ምክንያት ግን አጥሩ ሠፈርን ከሠፈር ለየ፤ እግረኛውም ለመሻገር ረጅም መንገድ እንዲዞር ሆነ። ባቡሩን የገነባው የፌዴራል ድርጅት ሲሆን በጣቢያዎቹ ዙሪያ ያለውን መሬት የሚያስተዳድረው የከተማው አስተዳደር ነበር። ከጣቢያ አጠገብ ያለ ቦታ በሊዝ ጨረታ ሲሸጥ የጨመረው ዋጋ ባቡሩን አልደጎመም።

አሳዛኙ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሌሎች አገሮች የግል ባለይዞታን ለመግዛት ወይም ግብር ለመጣል ዓመታት የሚከራከሩበትን መሣሪያ ኢትዮጵያ በእጇ ይዛለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅም ቦታ የሚሰጥበትን ሥልጣን በአስተዳደሩ እጅ አድርጓል። ሆንግ ኮንግ የሠራችበት ሕጋዊ መሠረት እዚህ አለ። የጎደለው ባቡር ሠሪውንና መሬት ሰጪውን በአንድ ሂሳብ የሚያስቀምጥ ተቋም ነው። መሬት ሲሸጥ ገንዘብ ወዲያው ይገባል፤ ትራንስፖርት ግን በየቀኑ ያስወጣል። ሁለቱ ሂሳቦች እስካልተገናኙ ድረስ የመሬት አስተዳደሩ ሁልጊዜ ቀድሞ ይሄዳል።

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ አሉ፤ ክርክራቸውም ሊሰማ ይገባል። ጣቢያ ዙሪያ ያለውን መሬት በከፍተኛ ዋጋ መሸጥ ባቡሩን ሊከፍል ይችላል፤ ባቡሩን በጣም የሚፈልገውን ድሃ ግን ከጣቢያው ያርቃል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የለገሀር ልማት ይህን ጥያቄ በግልጽ ያስነሣል፦ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች ሐዲድ በሚጋሩበት በከተማዋ ምርጥ ቦታ ላይ የቅንጦት መኖሪያ ሲሠራ ነዋሪው ባቡሩን ይጠቀም ይሆን? በልማቱ ውስጥ የተወሰነ ድርሻ ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪ ካልተያዘ የገንዘቡ ቅንጅት የማኅበራዊውን ቅንጅት ይበላዋል።

ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ

ባቡርና ዕቅድ ሲወራ የሚረሳው ሰውን በእርግጥ የሚያጓጉዘው ሚኒባስ ነው። ከጣሊያን መባረር በኋላ ሥራ የጀመረው አንበሳ አውቶቡስ ብቻውን ከተማዋን መሸከም ሲያቅተው ክፍተቱን የሞሉት ባለ አንድና ባለ ሁለት ታክሲ ባለንብረቶች፣ ሾፌሮች፣ ረዳቶችና ተራ አስከባሪዎች ናቸው። አዲስ ሠፈር ሲቆረቆር ከአውቶቡስ በፊት የሚደርሰው ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ነው። በዚህ አንጻር የመሬት አጠቃቀሙን ለውጥ ቀድሞ የሚያነብበው የትራንስፖርት ዘርፍ እሱ ነው።

ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። ዕለታዊ ገቢ ለባለንብረቱ ማስገባት ያለበት ሾፌር በመጨናነቂያ ሰዓት ረጅሙን መስመር አቆራርጦ ይጭናል፤ መንገደኛውም ለአንድ ጉዞ ሁለቴ ይከፍላል። ይህን ለመቆጣጠር የመጣው የቀጠና ስምሪት ሚኒባሱን በመስመር አሰረው፤ በአንዳንድ ቦታ ሥርዓት አመጣ፣ በሌላው ሰልፉን አስረዘመ። ሚኒባሱን ወደ መጋቢ መስመር ለውጦ ዋናውን ጉዞ ለፈጣን አውቶቡስ መስጠት የሚለው ሐሳብ በየሰነዱ አለ። ከዊንጌት በመርካቶና በሜክሲኮ አድርጎ ጀሞ እንዲደርስ የታሰበው መስመር በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ብድር ታቅዶ ብዙ ዓመት ተጎትቷል። ዳሬሰላም በ2016 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ መስመር ስትከፍት የነባሮቹ ሚኒባሶች (ዳላዳላ) ባለንብረቶች ዕጣ ፈንታ ከግንባታው ያላነሰ ራስ ምታት ሆኖባት ነበር።

የወሰን ጥያቄ

የመሬትና የትራንስፖርት ቅንጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ቴክኒካዊ ጉዳይ ብቻ መሆኑ የቀረው በ2006 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን በአንድ ላይ ያቀደው የተቀናጀ የልማት ፕላን በወረቀት ላይ የባለሙያ ምኞት ነበር፦ ሰው በየቀኑ የአስተዳደር ወሰን እየተሻገረ ስለሚሠራ ዕቅዱም ወሰን ይሻገር። ገበሬው ግን ያየው ሌላ ነበር። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር በአነስተኛ ካሳ መሬቱን ሲለቅ ኖሯል፤ ቅንጅት ማለት የመነቀል ሌላ ስም ሆኖ ታየው። በ2006 የተነሣው ተቃውሞ በ2008 ተባብሶ ብዙ ሕይወት ጠፋ፤ ጥር 2008 ዕቅዱ ተሰረዘ። የካቲት 2011 የኮዬ ፈጬን ጨምሮ ከ50 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ የወሰኑ ጥያቄ እንደገና ገነፈለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዙሪያውን ያሉት ከተሞች ሸገር ከተማ በሚል በአንድ አስተዳደር ሥር ሆነዋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት የሚወስዱ ወገኖች አሉ። አንዱ ወገን የጋራ የሜትሮፖሊታን ባለሥልጣን ሳይቋቋም አውቶቡስ እንኳ በቅጡ አይሰማራም ይላል። ሌላው የመሬት ሥልጣንን ከአርሶ አደሩ ፈቃድ ውጭ የሚያሰፋ ማንኛውም ተቋም ተቃውሞውን ይደግማል ይላል። በመካከል ያለው አማራጭ፣ መሬቱን እያንዳንዱ አስተዳደር ለራሱ ይዞ ስምሪቱን፣ ታሪፉንና ዋና መስመሮቹን ብቻ በጋራ ማስተዳደር ነው። ይህ ሙሉ ቅንጅት አይደለም፤ ቤት የት ይሠራ የሚለውን አይነካምና። ነገር ግን ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ እየኖረ አዲስ አበባ የሚሠራውን ሰው በየቀኑ የሚነካው እሱ ነው፤ ደም ሳይፈስ ሊጀመር የሚችለውም እሱ ይመስላል።

አሁን ያለው ክርክር

በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው መዋቅራዊ ፕላን ካለፉት ይልቅ ትራንስፖርትን በቁም ነገር ይዟል፦ ከዋናው ማዕከል ሌላ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ማዕከላትን፣ በዋና መስመሮች ዳር የቅይጥ አጠቃቀምንና ከፍ ያለ ጥግግትን ያመለክታል። ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም እግረኛውን የዕቅዱ መነሻ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በአጭር ጊዜ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ሠርቷል። ለእግረኛው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ለዐሥርት ዓመታት በተቆፋፈረ ጠርዝ ላይ ሲሄድ የኖረ ሕዝብ ይገባዋል።

ጥያቄው መንገዱ የማን ደጃፍ እንደሆነ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ከፒያሳና ከካሳንቺስ የተነሡት ነዋሪዎች በእግር የሚሄዱት ነበሩ። ብዙዎቹ እንደ ገላን ጉራ ባሉ የጠርዝ መኖሪያዎች ገብተዋል። የተሻለ ቤት ያገኙ አሉ፤ በእግር ይደርሱበት የነበረው ሥራ ግን አሁን ታክሲ ይጠይቃል። የአስተዳደሩ ደጋፊዎች አዳዲሶቹ መንደሮች ትምህርት ቤትና ገበያ ይዘው የተሠሩ ስለሆኑ ሥራውም ይከተላል ይላሉ። አሌን ቤርቶን የመሰሉ የከተማ ኢኮኖሚ አሳቢዎች ደግሞ ሥራ አቃጅ ባዘዘው ቦታ እንደማይሰበሰብ፣ የአንድ ከተማ ጉልበት መላው የሥራ ገበያ ለመላው ነዋሪ ክፍት መሆኑ እንደሆነ ይከራከራሉ። የትኛው ወገን ትክክል እንደሆነ በቃል ብቻ አይወሰንም። ተነሺዎቹ ከሁለት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የት እንደሚሠሩ፣ ለጉዞ ምን ያህል እንደሚያወጡ መከታተል ይጠይቃል፤ ይህን የሚለካ ቋሚ ሥርዓት የከተማዋ ዕቅድ አካል መሆን አለበት።

የመዋቅራዊ ፕላኑ ዘመን 10 ዓመት ነው። ተተኪው ሲዘጋጅ ሦስት ነገሮች በስም ተጠቅሰው ካልተወሰኑ ካርታው ብቻ አይበቃም፦ የቤት ልማት ቦታ ከመጽደቁ በፊት የትራንስፖርት ቢሮው የመቃወም ሥልጣን ይኖረው እንደሆነ፣ በጣቢያና በፌርማታ ዙሪያ ከሚገኘው የሊዝ ገቢ ምን ያህሉ ለአውቶቡስና ለባቡር ሥራ ማስኬጃ እንደሚመደብ፣ ከመሀል ከተማ የሚነሣ ነዋሪ ካሳ ሲተመን የጠፋበት የእግር መንገድ በብር ይቆጠር እንደሆነ። ሦስተኛው እስካሁን በየትኛውም የካሳ ቀመር ውስጥ ያልገባ ስለሆነ ከሁሉም ይበልጥ የሚያከራክረው እሱ ይሆናል።